የአውራጁ ክፍል

አንቀጽ አራት፣ ንዑስ አንቀጽ ሁለትን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከሁሉ በፊት ይህን መናገር አለብኝ፤ በከተማችን ስለዚያ መመሪያ የሚያወራ ሰው ሁሉ «እነሱ ናቸው የጻፉት» ይላልና። እነሱ አልጻፉትም። መጀመሪያ በእስክርቢቶ፣ ኋላም በባህል ጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፊደሎቹን በሁለት ጣቴ እየለቀምሁ እኔ ነኝ የጻፍሁት። «ተጠቃሚ ማለት በከተማው ነዋሪነት የተመዘገበና የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ ያለው የኪነ ጥበብ ባለሙያ ነው» ይላል። ሦስት ቀን ደክሜበታለሁ። ስጨርሰው አንድም ትርፍ ቃል አልነበረበትም።

ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ከጉምሩኩ ወደ ድልድዩ በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለችኝ። ትምህርት ያቆምሁት ከሰባተኛ ክፍል ነው። የአማርኛውን የፊደል አጣጣል ከግድግዳ ካላንደር፣ የዐረብኛውን ከሱዳን መኪኖች የኋላ በርና ከስኳር ጆንያ እየገለበጥሁ ለመድሁ። የዐረብኛውን ትርጉም ግን አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ በአንድ ምግብ ቤት ታፔላ ላይ፣ ከአማርኛው ስም ሥር፣ ያምራል ብዬ ከጆንያ የወሰድሁትን መሥመር አሳምሬ ጻፍሁበት። ሳምንት ያህል ከተሰቀለ በኋላ ከድንበሩ ማዶ ከጋላባት የሚመላለስ አንድ ልብስ ሰፊ ቆሞ አነበበና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ከእርጥበት ይጠበቅ» ነበር የሚለው። ባለ ምግብ ቤቱ «ምን አለበት፣ ምግብም ከእርጥበት ይጠበቃል» ብሎ ሊተወው ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን በዚያው ቀን መሰላል ላይ ወጥቼ በቀለም ማቅጠኛ በአኳራጅ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ እርግጠኛ ያልሆንሁበትን ቃል ሦስት ሰው ሳልጠይቅ አልጽፍም። «እሱ ከጻፈው አይሳሳትም» ይሉኛል። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

አውራጁን ያወቅኋቸው በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው። አንድ ባለሀብት የውኃ ቦቴውና የትራክተሩ ተሳቢ ላይ ስሙን እንድጽፍለት ወደ እርሻው ወሰደኝና አራት ቀን እዚያ ቆየሁ። ሰሊጥ ሲደርስ ፋታ አይሰጥም። ቅርፊቱ ደርቆ አፉን ከከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከደጋ የወረዱት ሳሉጎች፣ የወቅት ሠራተኞቹን እኛ እንዲህ ነው የምንጠራቸው፣ በአንድ መሥመር ተሰልፈው ከንጋት ጀምሮ ያጭዳሉ። ከመሥመሩ መካከል አንድ አውራጅ አለ። እሱ ዜማውን ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ማጭዱ በዜማው ይሄዳል።

አውራጅ አያስርም። ያጨደውን ነዶ የሚያስሩለት ግራና ቀኙ ያሉት ናቸው። አጎንብሶ ካሰረ ትንፋሹ ይቆረጣል፤ ትንፋሹ ከተቆረጠ ዜማው ይወድቃል፤ ያን ጊዜ መሥመሩ ሁሉ ይዝላል። ይህን የጻፈው ሰው የለም፤ ግን ባለሀብቱም ያከብረዋል፣ የሠራተኞቹ አለቃ ካቦውም ያከብረዋል። እኒህ አውራጅ ደግሞ ከማሰርም አልፈው ማጨድ ትተው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የቀኝ አውራ ጣታቸውን ማጭድ ቆርጦት ጅማቱ ሳይገጥም ቀርቷል፤ ጣቱ አይታጠፍም። ባዶ እጃቸውን ከመሥመሩ ፊት ፊት እየሄዱ ያዜሙ ነበር። ያም ሆኖ ምሳቸውን ከማንም እኩል ይበሉ ነበር። ስለ ሥነ ጥበብ ድጋፍ ብዙ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ከዚያ የሰሊጥ ማሳ የተሻለ ግን አላየሁም።

ጎጃሜ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ ድምፃቸው ወፍራም አይደለም፤ ቀጭንና ሩቅ የሚሄድ ነው። ከሰማኋቸው መጀመሪያ የያዝሁት ይህን ነው፦

ሰሊጥ አፉን ከፍቶ ከመርገፉ በፊት፣
እኔን ማን ሰብስቦ ያገባኛል ከቤት።

በቀለም በቆሸሸ እጄ ከደብተር ላይ ጻፍሁት። እሳቸው ሲያዩኝ «አንተ ባለ ብሩሹ፣ ምን እየከሰስኸኝ ነው?» አሉኝ። ማንበብ አይችሉም። ያሉትን መልሼ አነበብሁላቸው። «ደግመህ በለው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ከዚያ እርሻ አንድ ነገር ልጨምር። ሳሉግ ሲቀጠር መታወቂያውን ለካቦው ያስረክባል። ቀብድ ተቀብሎ ወደ ሌላ እርሻ እንዳይሸሽ ነው፤ አጨዳው ሲያልቅ ይመለስለታል። ካቦው መታወቂያዎቹን በላስቲክ አስሮ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖራቸው ነበር። ልመለስ ስል «ቀለም ከተረፈህ እዚህ ላይ መታወቂያ ብለህ ጻፍልኝ» አለኝ። በቀይ ጻፍሁለት።

አጨዳው ሲያልቅ አውራጁ ወባ ያዛቸውና ከተማ ቀሩ። ሲሻላቸው ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የሚከፈት መሰለ፤ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ከድንበሩ ማዶም ጦርነቱ ተነሣና ሰው በእግሩ እየተሻገረ ወደ እኛ ይመጣ ጀመር። ባለሀብቶቹ የሚያርሱትን መሬት ቀነሱ፤ የቀጠሩትም የሚያጭድ እጅ እንጂ የሚያዜም ሰው አልፈለጉም። አውራጁ ሳሉጎች በሚሰባሰቡበት ሜዳ ዳር ባለ ዳስ ውስጥ ያድሩ ነበር። ቀን ቀን እኔ ዘንድ መጥተው የተገለበጠ የቀለም ጣሳ ላይ ይቀመጣሉ። እሳቸው ዝግ ባለ ድምፅ ይሉልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ደብተር ሞላ።

የባህል ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ያን ደብተር ያገኙት በአጋጣሚ ነው። የቢሯቸውን ታፔላ ነፋስ ገንጥሎት ሊያስጽፉ መጡና ቀለሙ እስኪደርቅ ሲጠብቁ አንሥተው ያነብቡ ጀመር። አርባ ዓመት የሞላቸው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። ቢሯቸው ከእንስሳት ጤና ጋር የተጋሩት አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹ የክትባት ሳጥን ነው።

«ይህ የማን ነው?» አሉኝ።

ጣሳው ላይ ወደተቀመጡት ሰው አመለከትሁ።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ አፌን ብቻ ነው ያዋጣሁ» አሉ አውራጁ። «ጥፋቱ የዚህ ልጅ ነው።»

ኃላፊዋ ሳቁ። ከዚያ ያሰቡትን ነገሩን። ከበላይ ደብዳቤ መጥቷል፤ እያንዳንዱ ከተማ ኪነ ጥበብን የሚደግፍበትን መመሪያ ያውጣ ይላል። ደብዳቤው ከመጣ ቆይቷል፣ የሚጽፈው ሰው ግን የለም። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ከከብት ገበያው ጀርባ አንድ መጋዘን አለው፤ ያሠራው ማኅበር ከፈረሰ ወዲህ ባዶውን ቆሟል። መመሪያው ከጸደቀ መጋዘኑ የጥበብ አዳራሽ ሊሆን ይችላል።

ሦስታችን ሄደን አየነው። ቆርቆሮው ጤናማ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ድምፅ ሲጮህበት ይመልሳል። በስተጥጉ የዘበኛ ክፍል አለች፦ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ከግድግዳው ጋር የተሠራ የሲሚንቶ መደብ። አውራጁ ገቡና በሩን ዘጉ። እኔና ኃላፊዋ ውጭ በፀሐይ ቆመን ጠበቅን። ዘገዩ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልሁ በበሩ ስንጥቅ።

«መቀርቀሪያው ይሠራ እንደሆነ እያየሁ ነው።»

«ይሠራል?»

«ይሠራል። ቆይ ትንሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መመሪያውን የጻፍሁት ለዚያች ክፍል ነው። እርግጥ ወረቀቱ ላይ ሌላም ነገር ነበር። ከተማው በየስብሰባውና በየበዓሉ መጀመሪያ የራሱን ሰዎች እንዲጋብዝ፣ እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ለማንም ያለ ክፍያ ክፍት እንዲሆን፣ ወጣቶች ሲመዘገቡ ፈተና እንዳይኖር ጽፌአለሁ። ልቤ ግን በአንቀጽ ሰባት ላይ ነበር። «የአዳራሹ ጠባቂና የዜማ አሠልጣኝ የሚሆን አንድ ባለሙያ ይመደባል፤ በአዳራሹ ጥግ ባለው ክፍል ይኖራል» ይላል። መመሪያ ላይ የሰው ስም አይጻፍም። የማን ክፍል እንደሆነ ግን ሦስታችንም እናውቃለን።

አውራጁ በዚያ ሰሞን ተለወጡ። ለወጣቶች የሚያስተምሩትን በቅደም ተከተል ያስቡ ጀመር። «መጀመሪያ አቀባበል ነው የማስተምራቸው» ይሉኛል። «ማውረድ ሁሉም ይፈልጋል። መቀበል የማይችል ሰው ግን አውራጅ አይሆንም።» መደቡ ላይ የሚነጥፉትን ምንጣፍ ዋጋ ሳይቀር ጠይቀዋል።

ረቂቁ ለካቢኔው ቀረበና ተመለሰ። «ተጠቃሚው በግልጽ አልተለየም» የሚል ተጽፎበታል። ኃላፊዋ ወረቀቱን ሰጡኝና «ልክ ናቸው» አሉ። «እንዲህ ክፍት ከተውነው የጎንደሮቹ ናቸው የሚገቡበት።» የጎንደሮቹ የሚሏቸው በበዓል በበዓል እየመጡ የሚያዜሙትን ቡድን ነው። ከዓመት በፊት መድረክ ላይ ወጥተው ከተማችንን ሲያወድሱ የሌላ ከተማ ስም ጠርተው ነበር፤ ሕዝቡም አጨብጭቦ ሸኝቷቸዋል። ያን ቀን ከተናደዱት አንዱ እኔ ነኝ።

ስለዚህ በሩን ልዘጋባቸው ተቀመጥሁ። ለወጣቶች ሥራ ዕድል የወጣ የቆየ ደንብ ከፋይል አውጥቼ አነበብሁ፤ «የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ» የሚለውን ከዚያ ወሰድሁ። «የሚኖር» ብል ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ «የተመዘገበ» ብል ቁርጥ ያለ ነው። ቃሉን ሦስት ሰው ጠየቅሁ፤ ሦስቱም ትክክል ነው አሉኝ። ሦስቱም መታወቂያ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ይህን ያስተዋልሁት ግን በኋላ ነው።

ኃላፊዋ አነበቡትና «አሁን ማንም አይገባብንም» አሉ። ካቢኔው አንዲት ቃል ሳይነካ አጸደቀው። በመጨረሻ ላይ ብቻ አንድ አንቀጽ ጨመሩበት፦ በሠላሳ ቀን ውስጥ የተሟላ ተጠቃሚ ካልቀረበ አዳራሹ ለሌላ አስፈላጊ አገልግሎት ይውላል። አላስጨነቀኝም። ሠላሳ ቀን ለእኛ ምን ያደርግልናል፣ በመጀመሪያው ቀን እንጨርሳለን ብዬ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አውራጁ ሸሚዛቸውን አጥበው፣ ሳይደርቅላቸው፣ አንገቱ ላይ እርጥብ እንደሆነ ለብሰው መጡ። ስድስት ወጣቶች ተሰልፈዋል። መዝጋቢው ማዘጋጃ ቤት የሚሠራ፣ ጨዋ ልጅ ነው። እኔ ከጎኑ ቆሜ ስም በትክክል መጻፉን አያለሁ።

«መታወቂያ?» አላቸው።

«ካቦው ዘንድ ነው።»

«ካቦው የት ነው?»

«ሱዳን ነዋ።»

«ሱዳን የት?»

«እሱን ባውቅማ አንተ ዘንድ ምን አመጣኝ። ሄጄ አንገቱን ይዤ እመጣ ነበር።»

የተሰለፉት ሳቁ። ከኋላ አንዱ «መታወቂያቸው ከእኛ ቀድሞ ውጭ አገር ገባ በላ» አለ። አውራጁም አብረው ሳቁ። እኔ ግን የብስኩቱን ቆርቆሮ፣ በላዩም በቀይ የጻፍሁትን ፊደል በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት። ካቦው ከዚያ አጨዳ በኋላ፣ እሳቸው በወባ ተኝተው ሳሉ፣ የቀሩትን ሰዎች ይዞ ለጥጥ ለቀማ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ነበር፤ ቆርቆሮውን እንደያዘ። በዚያው ጦርነቱ ተነሣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውየው ጣሳ ላይ ተቀምጠው ሲያዜሙልኝ፣ መታወቂያዎ የት ነው ብዬ አንድ ጊዜ አልጠየቅኋቸውም።

መዝጋቢው ወደ እኔ ዞረ። «አንቀጽ አራትን ምን ላድርገው?» አለኝ በለሆሳስ።

በሠላሳው ቀን ውስጥ ያልሞከርነው የለም። የጎጃሙን መታወቂያቸውን ቢያሳዩ ቀበሌው በከተማው ነዋሪነት ይመዘግባቸው ነበር፤ እሱ ከሌለ ግን አዲስ ለመስጠት ከትውልድ ቀበሌያቸው መሸኛ ይምጣ አለ። ጎጃም ላለው ወንድማቸው ደወልን። መስመሩ አሥራ አንድ ጊዜ እየተቆረጠ በአሥራ ሁለተኛው ተገኘ። የዚያ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ማኅተሙን የያዘው ሰው ሄዷል፤ የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ወንድምየው ስለ መሸኛው ያወራው ጥቂት ነው፤ የቀረውን ጊዜ የሞቱ ሰዎች ስም ሲነግራቸው ነበር። አውራጁ «እሱም?» «እሱም?» እያሉ ሰሙ። ስልኩን ሲመልሱልኝ ስለ መሸኛው ምን እንዳላቸው መጠየቅ አፈርሁ።

ቀጥሎ ቀበሌው፣ መሸኛ ከሌለ ሦስት የከተማው ነዋሪ ይመስክርላቸው አለ። እኔ አንድ ሆንሁ፣ ጎረቤቴ ጎማ ጠጋኙ ሁለተኛ፣ ሻይ የምትሸጥላቸው ሴት ሦስተኛ። ሦስታችንም መታወቂያችንን ይዘን ተሰለፍን። የቀበሌው ሠራተኛ ቅጹን ሞልቶ ሞልቶ «የቤት ቁጥር» ላይ ደረሰና እስክርቢቶውን አነሣ።

«ዳስ ውስጥ ነው የሚያድሩት» አልሁ።

«ዳሱ ቁጥር የለውም?»

«ይኸ ልጅ ቁጥር ጸሐፊ ነው» አሉ አውራጁ። «ዛሬውኑ ይጽፍበታል። ስንት ይሁንልህ?»

ሠራተኛው ፈገግ ብሎ ቅጹን መለሰልን።

የቀረው መመሪያውን ማሻሻል ነበር። ኃላፊዋ ደብዳቤ ጻፉ። የመጣው መልስ የጸደቀ መመሪያ የሚሻሻለው ካቢኔው በሙሉ ሲሰበሰብ ነው የሚል ነው። ካቢኔው በዚያ ሰሞን ከጸጥታ በቀር ሌላ አጀንዳ አይዝም ነበር፤ በዚህ አልፈርድበትም፣ ከከተማው ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚሄድ ሰው ተመልሶ ስለመግባቱ እርግጠኛ ባልሆነበት ጊዜ ነው። ሂደው በቃል እንዲያስረዱ ብለምናቸው ኃላፊዋ «ያንን አንቀጽ ጽፈን ያስገባነው እኛ ነን» አሉኝ። «አሁን በየትኛው አፌ አውጡልኝ ልበል?»

አውራጁ እስከዚያ ድረስ አንቀጹን የጻፈው ማን እንደሆነ አያውቁም ነበር። «እነሱ» ነበር የሚሉት። ሃያ ስድስተኛው ቀን ላይ ነገርኋቸው። ሱቄ ውስጥ ነበርን፤ ሙቀቱ ከቆርቆሮው ይወርዳል፤ የአንድ ፋርማሲ ታፔላ ጀምሬ ነበር።

«አንብብልኝ» አሉኝ።

በቃሌ አልሁላቸው።

«ደግመህ በለው።»

ደገምሁት።

«ጥሩ ነው፤ ቁርጥ ያለ ነው» አሉ። «የሳሉግ መታወቂያ የት እንደሚቀመጥ አታውቅም ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ያ ቆርቆሮ ላይ የጻፍህ አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጡም። ይቅርም አላሉኝም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁም። የማይታጠፈውን ጣታቸውን በግራ እጃቸው እያሻሹ መንገዱን ያዩ ነበር። አንድ ባጃጅ አለፈ፤ ከኋላው ፍራሽና ማሰሮ የተሸከሙ ከድልድዩ ወዲህ የመጡ ሰዎች አለፉ። «የጎንደሮቹን ስታባርር እኔ መንገድ ላይ ተገኘሁብህ» አሉና ተነሡ። በማግሥቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም።

ሠላሳው ቀን ሞላ። ስድስቱ ወጣቶች ተመዝግበዋል፤ አሠልጣኝ ስለሌለ ግን «የተሟላ ተጠቃሚ» አይደሉም ተባለ። ሁለት እሑድ አዳራሹ በር ላይ እየመጡ ቆመው ተመለሱ። ከመካከላቸው አንዷ እኔን ስታገኘኝ «ሰውየው ውጭ፣ ሜዳ ላይ ቢያስተምሩንስ?» አለችኝ። ወደ ዳሱ ወሰድኋት። አውራጁ በትሕትና ሰሟት። «እኔ ሜዳ ላይ ሠላሳ ዓመት አዚሜአለሁ፣ ልጄ» አሏት። «ሜዳ በቃኝ።»

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ካቦ ለአረም ሰው ሲሰበስብ ወደ አብርሃ ጅራ የሚሄድ መኪና አዘጋጀ። ኬላ ላይ እሱ እየተነጋገረ ያሳልፋቸዋል። አውራጁ በማለዳ ሱቄ መጡ። ትንሽ ፌስታል ይዘዋል።

«ያን ደብተር ስጠኝ» አሉኝ።

ሌላ ቅጂ የለውም። አዳራሹ ሲከፈት በኮምፒውተር እጽፈዋለሁ፣ አባዝቼ ለወጣቶቹ እሰጣለሁ ብዬ ነበር ያቆየሁት። አንድ ቀን ብቻ ይታገሡኝና ልገልብጠው ልላቸው ፈለግሁ። መኪናው ግን ሞተሩን አስነሥቶ ነበር፤ ደግሞም የምገለብጥለት አዳራሽ አልነበረም። ሰጠኋቸው።

«ማን ያነብልዎታል?» አልሁ።

«ማንበብማ አያስፈልግም። መታወቂያ ሲሉኝ ይህን አሳያለሁ።»

በፌስታላቸው ውስጥ ከሸሚዛቸው መካከል አድርገው ሄዱ። መኪናውን ከሩቅ ሳየው እሳቸው ከጭነቱ ላይ የሚቀመጡበት ቦታ አጥተው ቆመው ነበር።

አዳራሹ አሁን ማዳበሪያ ይቀመጥበታል። አስፈላጊ አገልግሎት ነው፤ ገበሬው ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። በጥጉ ክፍል አንድ ዘበኛ ይኖራል። ደግ ሰው ነው፤ ሳልፍ «ግባ፣ ጥላ አለ» ይለኛል። አንድ ቀን ገባሁ። መደቡ ላይ ሰሌን አንጥፏል፤ መስኮቱን በካርቶን ደፍኖታል፤ ከማዳበሪያው የሚመጣው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። በሩን ይዘጋ እንደሆነ ጠየቅሁት። «መቀርቀሪያው ተሰብሯል» አለኝ፤ «በድንጋይ ነው የማስደግፈው።»

ለአውራጁ ሁለት ጊዜ ደውዬ አግኝቻቸዋለሁ። ማረም ስለማይችሉ ውኃ ያመላልሳሉ። የሚያድሩት ካምፕ ውስጥ ነው። «ያዜማሉ?» ስላቸው «እዚህ ካቦው የድምፅ ማጉያ አለው» አሉኝ። «ባትሪው እስኪያልቅ ይጮኻል። ካለቀ ሁሉም ዝም ብሎ ያርማል።» በሁለተኛው ጊዜ ብዙ አላወሩኝም። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው ይላል። ስልኩም የእሳቸው አልነበረም፤ አብሯቸው የሚያድር የወሎ ልጅ ነው የሚያውሳቸው።

በቅርቡ ኃላፊዋ አስጠሩኝ። የመመሪያውን አፈጻጸም ሪፖርት ላኩ ተብለዋል። የክትባት ሳጥኖቹ አጠገብ ተቀምጬ እሳቸው ሲነግሩኝ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ሠንጠረዡን ሞላሁ። የጸደቀ መመሪያ፣ አንድ። የተመዘገቡ ወጣቶች፣ ስድስት። የተዘጋጀ አዳራሽ፣ አንድ። «ያጋጠመ ችግር» የሚለው ዓምድ ላይ ስደርስ ሳልጠይቃቸው ጀመርሁ። ካቦው መታወቂያ እንደሚይዝ፣ ይህንንም እያወቅሁ አንቀጹን እንደጻፍሁት፣ በዚህም አንድ አውራጅ ክፍሉን እንዳጣ ጻፍሁ። ዓምዱ ጠባብ ነበር፤ ፊደሉን እያሳነስሁ አሳነስሁት።

ኃላፊዋ ከትከሻዬ በላይ ሆነው አነበቡ። እስከ መጨረሻው ነው ያነበቡት፤ እርግጠኛ ነኝ፤ ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር። ከዚያ በእጃቸው ቁልፉን ተጭነው የጻፍሁትን ወደ ኋላ እየበሉ አጠፉትና በምትኩ ሁለት ቃል ጻፉ፦ «የግንዛቤ እጥረት»።

«የማን?» አልኋቸው።

«የማን አይባልም» አሉኝ። «እንዲህ ነው የሚጻፈው።»

አተምነው፤ ማኅተም አደረጉበት። እኔ ወረቀቱን ወስጄ ቀለሙ እንዳይጨማለቅ በመስኮቱ በኩል በሚመጣው ነፋስ ያዝሁት።